መዳፍና መሪ የሚገናኙበት ጎማ

ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በሻርጃ ግዛት ውስጥ፣ አል በዳየር የሚባል የአሸዋ ተራራ አለ። ቁመቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። አሸዋው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት የተነሳ ቀይ በመሆኑ የውጭ ዜጎች «ቢግ ሬድ» ይሉታል። ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት፣ በተለይ በዕረፍት ቀናት፣ ግርጌው በድንኳን፣ በመኪናና በኳድ ባይክ ይሞላል። አከራዮቹ ባለ አራት እግር ሞተሮቻቸውን ከመንገዱ ፈንጠር አድርገው በሰልፍ ያቆማሉ። ከየሞተሩ ጀርባ በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከጉብታው ማዶ የሚመጣ ነጂ ሞተሩን ከማየቱ በፊት ባንዲራውን እንዲያይ ነው።

ለመከራየት የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው። ያማሃ ራፕተር 700 ነው ወይስ ሌላ? የኋላ ጎማዎቹ አሸዋ የሚቀዝፉት ባለ መቅዘፊያዎቹ ናቸው? ፍሬኑስ ይይዛል? እነዚህን ሁሉ ይጠይቃል። ሁለት እጁን የሚያሳርፍበትን ጥቁር ጎማ ግን ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ከተሰለፉት ሞተሮች ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ መሪውን ያየ ሰው ብዙ ነገር ይረዳል። በአዲስነቱ ፍርግርግ የነበረው የጎማው ገጽ፣ መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ተበልቶ ለስልሷል። ጫፉ ላይ ጎማው ተቀዶ የመሪው ቱቦ ክብ አፍ ይታያል። ጎማውን ጨበጥ አድርገው ሲያጠማዝዙት ትንሽ ይዞርና ይቆማል። በጎማውና በብረቱ መካከል የገባው ደቃቅ አሸዋ ሲፋጭ በእጅ ይሰማል። ይህ ሞተር ዳገቱን መውጣት ይችላል። ነጂው ዳገቱ መሃል ላይ እጁ እንዳይከዳው ግን ምንም ዋስትና የለውም።

መሪው ላይ የሚያርፈው ጉልበት

ሁለት እግር ያለው ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ራሱ ያዘነብላል፤ ነጂውም አብሮት ያዘነብላል። ኳድ እንዲህ አይደለም። አራት ጎማው መሬት ረግጦ ስለሚሄድ ለመታጠፍ መሪውን በአንድ እጅ መሳብ፣ በሌላው መግፋት፣ ሰውነትን ደግሞ ወደ መታጠፊያው በኩል መጣል ይጠይቃል። ነጂው ከመቀመጫው ተነስቶ ሲያዘነብል ሚዛኑን የሚጠብቀው መሪውን ጨብጦ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በየራሳቸው ጉድጓድና ድንጋይ ይመታሉ። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ መሪው ድንገት ወደዚያ በኩል ይወረወራል፤ ያንን ምት የሚቀበለው መዳፍ ነው።

ስለዚህ የኳድ የእጀታ ጎማ ሥራው ከምቾት ያልፋል። የሚሳበውንም፣ የሚገፋውንም፣ ድንገት የሚወረወረውንም ጉልበት ሳይንሸራተት ማስተላለፍ አለበት። እጀታው በመሪው ላይ ከዞረ ነጂው የሚይዘው ነገር አጣ ማለት ነው።

ንዝረቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰዓት የሚነዱ ሰዎች በመጀመሪያ ጣታቸው ይደነዝዛል፤ ከዚያ ክንዳቸው ይደድራል። መሪን አጥብቆ መጨበጥ የክንድ ጡንቻን በደም ያሳብጠዋል። ጡንቻው የተጠቀለለበት ሽፋን ግን እንደልብ ስለማይለጠጥ ውስጡ ይጨናነቃል፤ ያኔ ጣት ፍሬን ለመሳብ እንኳ አቅም ያጣል። በሥራቸው ምክንያት በየቀኑ ለሚነዱት ጉዳቱ ሊቆይ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥራ ላይ ንዝረት መመሪያ በእጅና በክንድ ላይ ለሚደርስ ንዝረት የቀን ጣሪያ ያበጀው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። እንዲህ ዓይነት ሕግ የኳድ ባይክን መሪ ጨብጠው የሚውሉ የእርሻና የደን ሠራተኞችንም ይመለከታል።

> እጀታው በመሪው ላይ ከዞረ ነጂው የሚይዘው ነገር አጣ ማለት ነው።

የአውራ ጣቱ ምስጢር

አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሞተር ሳይክል ሲነዳ የኖረ ሰው ኳድ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ግራ የሚገባው ቀኝ እጁ ነው። በሞተር ሳይክልም በባጃጅም ነዳጅ የሚሰጠው የቀኙን እጀታ በማጠማዘዝ ነው። አብዛኛው ኳድ ላይ ግን እጀታው አይንቀሳቀስም። ከእጀታው ሥር ትንሽ ምላስ የመሰለች ብረት ወይም ፕላስቲክ አለች፤ ነዳጅ የሚሰጠው እሷን በአውራ ጣት በመግፋት ነው።

ምክንያት አለው። ኳድ ዳገት ሲወጣ የነጂው ሰውነት ወደ ኋላ ይሳባል፤ እሱም ላለመውደቅ መሪውን ይጎትታል። የሚጠመዘዝ ነዳጅ መስጫ ቢሆን ኖሮ ይኸው መጎተት ሳይታሰብ ነዳጅ ይጨምር ነበር። ዳገት ላይ ያለሐሳብ የተሰጠ ነዳጅ ደግሞ ሞተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ ስለሚሠራ አራቱ ጣቶች መሪውን ይይዛሉ፣ እሱ ብቻውን ፍጥነቱን ይቆጣጠራል።

ይህ ልዩነት እጀታ ለመግዛት ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚሄድን ሰው በቀጥታ ይነካዋል። የአብዛኛው ኳድ መሪ እጀታው በሚገባበት ቦታ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በእንግሊዞቹ መለኪያ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ነው። በአውራ ጣት ነዳጅ የሚሰጥ ኳድ ላይ ቀኙም ግራውም ጎማ የሚገባው በዚሁ ባዶ ቱቦ ላይ ስለሆነ የሁለቱም ቀዳዳ እኩል ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ግን በቀኝ በኩል፣ በመሪው ቱቦ ላይ የሚዞር ሌላ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ነዳጁን የሚጎትተው ሽቦ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ጎማው የሚገባው በዚያ ፕላስቲክ ላይ በመሆኑ የቀኙ ቀዳዳ ሰፋ ይላል፣ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

የሞተር ሳይክል እጀታ ጥንድ ገዝቶ ኳድ ላይ የሚያስገባ ሰው ግራው ልክ ይሆንለታል፤ ቀኙ ይላላል። ይህ ስህተት ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸውና። አንዳንዱ በመሪው ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ፕላስተሩ በላብና በሙቀት ይላቀቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ጎማው ይዞራል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሁን ሻርጃ፣ ለሻጩ መነገር ያለበት የመጀመሪያ ነገር የሞተሩ ስም ሳይሆን ነዳጅ የሚሰጠው በአውራ ጣት ነው ወይስ በማጠማዘዝ የሚለው ነው።

ጉዳዩን ትንሽ የሚያወሳስበው ከፊሉ ነጂ ነዳጅ መስጫውን መቀየሩ ነው። ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ ሰዎች አውራ ጣታቸው ስለሚዝል በሚጠመዘዝ ይተኩታል። እንዲህ የተቀየረ ኳድ የሞተር ሳይክል እጀታ ጥንድ ያስፈልገዋል። ከሌላ ሰው የተገዛ ያገለገለ ኳድ ከሆነ እንግዲህ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለውን ሳይሆን መሪው ላይ ያለውን ማየት ነው።

ሌላም ማደናገሪያ አለ። ጠንካራ ተብለው የሚሸጡት የአሉሚኒየም መሪዎች መሃላቸው፣ ከሞተሩ ጋር በሚታሰሩበት ቦታ፣ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ጫፍ ሲሄዱ ግን እየቀጠኑ 22 ላይ ይደርሳሉ። «መሪዬ 28 ነው» ብሎ የሚያዝ ሰው ልኩ ያልሆነ ጎማ ይዞ ይመለሳል። መለካት ያለበት ጫፉ ነው፣ ያውም አሮጌው ጎማ ከወጣ በኋላ።

ከሦስት እግር ወደ አራት

ኳዶች ረጅም ታሪክ የላቸውም። ሆንዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ሦስት እግር ነበረው፤ ጎማዎቹ እንደ ፊኛ የተነፉ ነበሩ። በ1971 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም፣ «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር»፣ ላይ ታይቷል። ሱዙኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት እግሩን ኳድራነር አቀረበ። ሦስት እግሩ በመገልበጥ ብዙ ሰው ስለጎዳ አምራቾቹ በ1988 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሱት ስምምነት ሽያጩን አቆሙ፤ ሜዳው ለኳድ ቀረ። ያማሃ ባንሺ የተባለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ኳድ በ1987 ወጣ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ አሸዋ ላይ የሚነዱ ወጣቶች ዛሬም ድረስ ይፈልጉታል፤ ዕድሜውን የሚያራዝሙለትም አካሉን በየጊዜው እየለወጡ ነው። እጀታ ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ ርካሹ ነው።

ወፍራም ወይስ ቀጭን፣ ለስላሳ ወይስ ደረቅ

ልኩ ከታወቀ በኋላ ምርጫው የእጅ ነው። እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ለስላሳ ጎማ «ንዝረት ይቀንሳል» ብለው ያቀርባሉ። እውነት አለው። ነገር ግን ወፍራም እጀታ የያዘ ትንሽ እጅ ጣቶቹ አይገጥሙለትም። ያልገጠመ ጣት ደግሞ ለመያዝ የበለጠ ይጨብጣል፤ የበለጠ የጨበጠ ክንድ ቶሎ ይዝላል። የቆዩ ነጂዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ጓንት አድርጎ እጀታውን ሲጨብጡ የመሃል ጣቶች ጫፍ የመዳፍን ሥር ለመንካት መቃረብ አለበት። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ እጀታው ወፍራም ነው። ጣት መዳፍ ውስጥ ከተቀበረ ቀጭን ነው። ይህን ለመሞከር እንግዲህ ጓንቱን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ያስፈልጋል፤ ያለጓንት ልክ የሆነ እጀታ በጓንት ሊወፍር ይችላልና። ለልጆች በተሠሩ ትንንሽ ኳዶች ላይ የአዋቂ እጀታ ማስገባት በዚሁ ምክንያት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የልጁ ጣት ወደ ፍሬኑ ላይደርስ ይችላል።

ልስላሴው በጎማው ቅመም ይወሰናል። ለስላሳው ምት ይውጣል፣ እጅ ይይዛል፣ ቶሎ ግን ያልቃል። ደረቁ ብዙ ይቆያል፤ ንዝረቱን ግን ወደ መዳፍ ያሳልፋል። ሬንታልን የመሰሉ አምራቾች መሃለኛ ቅመምም፣ ሁለት ዓይነት ጎማ የተዋሐደበትም ያቀርባሉ። ሬንታል በ1969 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሁለት ሰዎች ከስማቸው ቆርጠው በሰጡት ስያሜ የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ የታወቀው በመሪ ሥራ ነው፣ እጀታው ከዚያ የተከተለ ነው።

የገጹ ቅርጽ ከሚባለው በላይ ለውጥ ያመጣል። ሙሉውን ፍርግርግ የሆነ ጎማ በላብና በጭቃ አይንሸራተትም፤ ረጅም ጉዞ ላይ ግን መዳፍን ይልጣል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ግማሽ ፍርግርግ የሚባለው በጣት በኩል ጉድጓድና ጉብታ አለው፣ በመዳፍ በኩል ለስላሳ ነው። አሸዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ የተሻለ ነው። ቀጭን ጓንት ለሚያደርግ ደግሞ በተለይ። ጭቃ ውስጥ ለሚነዳ ግን ሙሉ ፍርግርጉ፣ ወይም የአልማዝ ቅርጽ ያለው፣ ይሻላል።

ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም። ጥቁር ጎማን የሚያጠቁረው ካርቦን ብላክ የተባለ ዱቄት የፀሐይን ጨረር ይከላከላል። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ውጭ የሚያድር ሞተር ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ጎማ ቀድሞ ይሰነጠቃል ወይም ይጣበቃል። ሞተሩ ጥላ ሥር የሚቆምለት ሰው የወደደውን ይምረጥ፤ ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ጥቁሩ ይበልጣል።

> ያልገጠመ ጣት የበለጠ ይጨብጣል፤ የበለጠ የጨበጠ ክንድ ቶሎ ይዝላል።

ጋራዡ ውስጥ

ጥሩ እጀታ በመጥፎ አገጣጠም ይበላሻል። ሻርጃ የኢንዱስትሪ ሠፈር ውስጥ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ይህ ሥራ ሲሠራ የሚያይ ሰው የሚገርመው ከማስገባቱ ይልቅ ማዘጋጀቱ ጊዜ መውሰዱ ነው።

መካኒኩ አሮጌውን ጎማ በስለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቀዋል፤ ስለቱን ግን ቀስ አድርጎ ነው። ከሥሩ ያለው መሪ አሉሚኒየም ከሆነ በስለት የተጫረ መስመር ከጊዜ በኋላ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። ጎማው ደህና ሆኖ እንደገና የሚፈለግ ከሆነ አይቀደድም፤ የኮምፕሬሰሩን አፍንጫ ከጎማው ሥር አስገብቶ አየር ሲነፋበት ጎማው አብጦ ከመሪው ይለቃል።

ከዚያ ብረቱ ይጸዳል። የደረቀው ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ቅባትና አሸዋው በአልኮል ይጠረጋል። መካኒኩ ጣቱን በመሪው ጫፍ ዙሪያ ያዞራል። የተቆረጠ መሪ ጫፉ ላይ ስለታም ጠርዝ ይቀራልና በሞረድ ይስተካከላል። አዲሱ ጎማም ከመቀባቱ በፊት የትኛው የቀኝ፣ የትኛው የግራ እንደሆነ ይታያል። ግማሽ ፍርግርጉ በጣት በኩል እንዲውል በመሪው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል።

ማስቲሹ የጎማው ውስጥ በስሱ፣ መሪው ላይ ደግሞ ዙሪያውን ይቀባል። እርጥብ ሆኖ ሳለ ስለሚያንሸራትት ጎማው እየተጠመዘዘ በአንድ ትንፋሽ መግባት አለበት። መሃል ላይ ቆም ካሉ እዚያው ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። አንዳንዶች በሳሙና ውሃ ያስገቡታል። ሲገባ ቀላል ነው፤ ሳሙናው ግን ውስጥ ይቀራል፣ ላብና ዝናብ ሲያገኘው እንደገና ይለሰልሳል። ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ። ቤንዚን ጎማን ያሳብጣል፤ በዚያ ላይ ጋራዥ ውስጥ እሳት መጋበዝ ነው።

ጎማው ከገባ በኋላ ከነዳጅ መስጫዋ ጋር ያለው ርቀት ይታያል። በውስጥ በኩል ያለው ወፍራም ቀለበት ምላሷን ከነካት ነዳጁ ተሰጥቶ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። አውራ ጣት ሲለቃት በራሷ ፈጥና መመለስ አለባት፤ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሮ ይሞከራል።

የመጨረሻው ሽቦ ነው። ጥሩ እጀታዎች ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ቦይ አለ። የማይዝግ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሽቦ በቦዩ ይዞርና በፒንሳ ይጠመዘዛል። ትርፉ ተቆርጦ ጫፉ ወደ ጎማው ውስጥ ይታጠፋል፣ መዳፍ በማያርፍበት በኩል። ሽቦው ማስቲሹ ቢከዳ እንኳ ጎማው እንዳይዞር ያደርጋል። ተወዳዳሪዎች ያለሱ አይወጡም። ለመዝናኛ የሚነዳ ሰውም ቢያደርገው ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ በዚያው ቀን አይነዳም፤ ማስቲሹ ሌሊቱን ይደርቃል። አከራዮች የሚያማርሩት ይህን ነው፤ በዕረፍት ቀን የቆመ ሞተር ገቢ አያመጣም። ስለዚህ ብዙዎቹ በቡሎን ወደሚታሰረው ዓይነት ዞረዋል።

በቡሎን የሚታሰረው

ኦዲአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያስፋፋው ይህ ዓይነት ጎማው ከሥሩ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ አለው፤ ጫፉ ላይ ባለ ቀለበት በትንሽ ቡሎን መሪው ላይ ይታሰራል። ማስቲሽ አይፈልግም፣ ሽቦ አይፈልግም፣ ሌሊት አይጠብቅም። በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ በደቂቃዎች ይቀየራል።

ይህ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ፕላስቲኩ ቦታ ስለሚይዝ ከላዩ ያለው ጎማ ይሳሳል፤ ንዝረቱ ይጨምራል። ቡሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቀለበቱ ይሰነጠቃል፤ ከላላ እጀታው ይዞራል። ኳድ ላይ ደግሞ ቀለበቱ ከነዳጅ መስጫዋ እንዳይጋጭ ለኳድ ተብሎ የተሠራውን መግዛት ያስፈልጋል። ብዙ ሞተር ለሚያስተዳድር አከራይ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። አንድ ሞተር ላለውና ረጅም ለሚነዳ ሰው ግን በማስቲሽና በሽቦ የተያዘው ወፍራም ጎማ ለእጁ ይሻለዋል።

የጫፉ ነገር

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው የእጀታው ጫፍ ነው። ጎማው ጫፉ ላይ ሲቀደድ የሚወጣው የመሪው ቱቦ ክፍት አፍ ነው። ሞተር ሲገለበጥ መሪው ይዞርና ያ አፍ ወደ ነጂው ሆድ ወይም ጭን ይዞራል። በመሪ ጫፍ የሚደርስ የሆድ ጉዳት፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ሐኪሞች በብስክሌትም በኳድም አደጋ የሚያውቁት ነው። ከውጭ ትንሽ ክብ ምልክት ይታያል፤ ውስጥ ግን ጉበት ወይም አንጀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የእጅ መከላከያ ያሰረ ሰው የጎማውን ጫፍ የሚቆርጠው የመከላከያው ቡሎን ቱቦው ውስጥ ገብቶ ስለሚደፍነው ነው። መከላከያውን ፈቶ የተቆረጠውን ጎማ እንዳለ መተው ግን አፉን ከፍቶ መተው ነው። ያኔ ወይ አዲስ ጎማ፣ ወይ የቱቦ መድፈኛ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው እንክብካቤ ብዙ አይጠይቅም። እጀታ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ በዘይት፣ በናፍጣ ወይም ዳሽቦርድ በሚያብረቀርቅ ቅባት ፈጽሞ አይታሽም። ቅባት ጎማውን ከማላላቱም በላይ ያንሸራትታል።

ወደ አሸዋው ለምትሄዱ፦ የተከራያችሁትን ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለቱንም እጀታዎች አጥብቃችሁ ያዙና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማዞር ሞክሩ። ከዚያ ጫፋቸውን እዩ፤ ነዳጅ መስጫዋን ገፍታችሁ ልቀቋት። እጀታው ከዞረ፣ የቱቦው አፍ ከታየ ወይም ነዳጅ መስጫዋ ፈጥና ካልተመለሰች ሌላ ሞተር ጠይቁ። የለም ካሏችሁ ገንዘባችሁን ተቀበሉ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ፍተሻ ለማንም አትተዉ፣ ራሳችሁ አድርጉት።